ስልሳ አንድ በመቶ ላይ የቆመው ዲስክ

በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራች አንዲት ሴት አለች። በስሟ የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሐኪሙም፣ ዘበኛውም፣ ካርዱ የጠፋበት በሽተኛም «እትዬ ቁጥር» ነው የሚላት። አንድ ሰው መስኮቷ ላይ መጥቶ «የእናቴን ካርድ ፈልጊልኝ» ሲላት ቀና ሳትል «ቁጥሩስ?» ትላለች።

«አላውቀውም።»

«የታከመችበት ዓመት?»

«እሱም ጠፋኝ።»

«እናትህንስ ታውቃታለህ?» ትለውና እየተነጫነጨች ተነሥታ፣ ከመቶ አርባ ሺህ ካርድ መካከል ያቺን አንዷን መዝዛ ታመጣለታለች። የሚያውቋት ሰዎች «አፏን አትስማ፣ እጇን እይ» ይላሉ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመዝገብ አያያዝ ስታጠና ዘመዶቿ ስቀውባታል። «ወረቀት ለመደርደር አራት ዓመት!» ብለው። ተመርቃ ሆስፒታሉ ሲቀጥራት ያገኘችው፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር በሲባጎ የታሰረና ግማሹ የሻገተ የካርድ ክምር ነበር። የሦስት ዓመቱን የወሊድ ካርድ አይጥ ጨርሶታል። የያኔው አለቃዋ «በቃ፣ የተበላው ተበላ» ሲላት «የማን የማን እንደተበላ ይጻፋ!» ብላ ጮኸችበት። ጩኸቷ ያን ቀን ጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልቆመ።

ባሏ ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ የጂኦግራፊ መምህር። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ የዝናብ መለኪያ ተክሎ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያነብባል፤ በደብተር ይጽፋል። ያዘዘው የለም፤ የከፈለውም የለም። በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት እሷ ደብተሩን አገላብጣ «ይህን ሁሉ በእርግጥ ለማንበብህ ምስክርህ ማን ነው?» አለችው።

«እኔው ነኛ።»

«አንተማ ባለጉዳይ ነህ። ማስረጃ የሌለው ቁጥር ወሬ ነው።»

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። በሳምንቱ ግን ትንሽ ካሜራ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ የመለኪያውን ብርጭቆ በግራ እጁ ወደ ሰማይ አንሥቶ በቀኙ ይቀርጸዋል፤ ቀኑንና ልኩንም በድምፁ ይናገራል። «ማክሰኞ። አሥራ ሁለት ነጥብ አራት። ለመዝገብ ቤቷ ይድረስ።» ዝናብ ከሌለም «ረቡዕ። ባዶ። ለመዝገብ ቤቷ ይድረስ።» ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ አደረገ፤ ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ቅጂ። ያልቀረጸባቸው ሃያ ዘጠኝ ቀናት ከነምክንያታቸው በደብተሩ ሰፍረዋል።

ከሰባት ወር በፊት ሞተ። ጠዋት ለክቶ፣ አስተምሮ፣ ማታ ራቱን በልቶ ተኛ፤ አልተነሣም።

ደብተሮቹ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ናቸው። እጁና ድምፁ ግን ያሉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በአሮጌው ላፕቶፑ ውስጥ። ስድስት ወር ያህል ልትከፍተው አልደፈረችም። ደፍራ በከፈተችው ቀን ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላው ደግሞ እንደ ምጣድ ይግልና ድርግም ይላል። ለሃያ ሰባት ዓመት «ሁለተኛ ቅጂ የሌለው መዝገብ መዝገብ አይባልም» እያለች ሰው ስትገሥጽ የኖረች ሴት፣ በገዛ ቤቷ አንድ ቅጂ ብቻ ይዛ ተገኘች። በራሷ አፈረች። ከሁሉም አስቀድማ ከአሥራ ሰባቱም ዓመት አንድ አንድ ቅጂ ከፍታ አየች። አሥራ ሰባቱም ተከፈቱ። ቀኑን ጻፈች፤ ቅዳሜ ነበር።

በዚያው ጠዋት ላፕቶፑን አቅፋ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው ሰው ቅዳሜም ይገባል። ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይሄ ዕድሜው አልቋል። ፈትቼ ላውጣው ብልሽ መነካካቱ ራሱ ሊጨርሰው ይችላል። ባለበት፣ እያሳረፍሽ፣ ቶሎ ገልብጪው። ከሁለት መቶ አርባ ጊጋ በላይ ነው፤ ፍላሽ አይችለውም። ሃርድ ዲስክ ግዢ።»

«እሺ።»

«እስክትገዢ እኔ ክፍል ባለው ማሽን ላይ ላስቀምጥልሽ? ዛሬውኑ እንጀምር።»

«የግል ፋይል በሆስፒታሉ ማሽን ላይ?»

«ለጊዜው ነው እንጂ…»

«ደንቡን የጻፈው ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው!» አለችና ተነሣች።

አዲስ ዲስክ በከተማው ጠፍቶ ነበር። ያገለገለ ግን ሞልቷል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጮች በተደረደሩበት መንገድ አንድ የታወቀ ሰው አለ፤ «ዋስትና» ይሉታል፤ ያለዚህ ቃል ዕቃ ሸጦ ስለማያውቅ። ከጀርባው ሃምሳ ያህል ዲስክ እንደ ጡብ ደርድሯል፤ በእያንዳንዱም ላይ «የተፈተሸ» የሚል አረንጓዴ ወረቀት ለጥፏል።

«ይሄ አምስት መቶ ጊጋ ነው፣ እናቴ። አንድ ዓመት ብቻ የሠራ። ንጹሕ። ዋስትና አለው!»

«የስንት ጊዜ ዋስትና?»

«እስኪበላሽ ድረስ ነዋ!» ብሎ ሳቀ፤ አብረውት የቆሙትም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ግን ገዛች።

እዚህ ላይ የሴትዮዋን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። እሷ ያልጸዳ መደርደሪያ ላይ ካርድ አታስቀምጥም። አዲስ መደርደሪያ ሲመጣላት መጀመሪያ ትወለውለዋለች፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን እርከን በእጇ ጫን ጫን ብላ ትፈትናለች። ዲስኩንም እንደዚያው ልታደርገው ፈለገች። ከራሷ፣ ቦታው ከሞላ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አያይዛ «ፎርማት» የሚለውን ስትነካ «ፈጣን» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ አገኘችው። ምልክቱን አነሣችና ሙሉውን አዘዘች። አምስት ሰዓት ይወስዳል። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

ስልሳ አንድ በመቶ ሲደርስ «ፎርማት ማድረግ አልተቻለም» ብሎ ቆመ።

እሑድ ገመዱን ቀየረች፤ ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ቆመ። መሰኪያውን ቀየረች፤ ስልሳ አንድ። ሰዓቱን፣ ገመዱን፣ መሰኪያውንና የቆመበትን ልክ በአንድ ወረቀት ላይ በዓምድ በዓምድ ጻፈች። ከባሏ ሞት ወዲህ አብራት የምትኖረው የባሏ ታላቅ እህት እታለም ከኋላዋ ቆማ ስታይ ቆየችና ትዕግሥቷ አለቀ።

«ፈጣን የሚባል አለ አላልሽም? እሱን አድርጊና ገልብጪ! የወንድሜ ድምፅ እዚያ ውስጥ እየተንቀጨቀጨ አንቺ ሳጥን ትፈትሻለሽ?»

«እታለም፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ተረትሽን ለካርድ ክፍልሽ! የሞተው የእኔም ወንድም ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው የማልቸኩለው» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልጸናም። ምክንያቱም እታለም ከተሳሳተች ምንም አይጎዳም፤ እሷ ከተሳሳተች ግን የሰውየው ድምፅ ለዘላለም ይቀራል። በዚያ ሰዓት ማን እንደተሳሳተ አታውቅም።

ሰኞ ከሥራ ወጥታ ወረቀቷን ይዛ ሱቁ ገባች። ዋስትና ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ፤ ከዚያ የሚያውቀውን ሁሉ ፈገግታ ፈገግ አለ።

«ገመድሽ ነው፣ እናቴ።»

«ሁለት ገመድ ሞክሬያለሁ። ይኸው ተጽፏል።»

«እንግዲያው ኮምፒውተርሽ ነው። ያረጀ ኮምፒውተር ጥሩ ዲስክ አይቀበልም።»

«ኮምፒውተሬ ሌላ ዲስክ ሁሉ ሲቀበል የአንተን ብቻ ለምን ይተፋል?»

«ኧረ ቆይ፣ ፈጣኑን ነው የነካሽው ወይስ ረጅሙን?»

«ሙሉውን።»

ዋስትና ጭንቅላቱን ያዘ። «አየሽ! እሱ አይነካም እኮ! ሰው ሁሉ ፈጣኑን ነው የሚያደርገው። አሥር ዓመት ስሸጥ ረጅሙን ያደረገ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ዲስኩን ያደከምሽው አንቺ ነሽ።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው። ከዚያ የራሱን ገመድ ሰጣት፤ «ዋስትና አለው» ብሎ።

ማክሰኞ በእሱም ገመድ ሞከረች። ስልሳ አንድ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ዲስኩን ለሆስፒታሉ ጠጋኝ አሳየችው። እሱ ከራሱ የመፈተሻ ማሽን ጋር አገናኘና አንድ ገጽ ከፈተ። ዲስክ ሁሉ የራሱን ታሪክ በሆዱ ይጽፋል አላት፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ቦታው እንደሞተ። ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ለካ ዕቃውም ካርድ አለው!

«አንድ ዓመት ነው የሠራ ያለሽ?»

«አንድ ዓመት።»

«አርባ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰዓት ይላል። አምስት ዓመት፣ ቀንና ሌሊት፣ አንዲት ሰዓት ሳያርፍ። የጥበቃ ካሜራ ላይ የነበረ ነው የሚሆነው። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ቦታው ደግሞ ሞቷል።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ እንዴት ይገዛዋል?»

«በፈጣኑ ነዋ፣ እትዬ። ፈጣኑ ምን መሰለሽ፤ ካርድ ክፍልሽ ገብቶ የድሮውን ማውጫ ቀድዶ አዲስ ባዶ ማውጫ በሩ ላይ መለጠፍ ነው። መደርደሪያው ይሰበር አይሰበር ማንም አልነካውም። ሙሉው ግን እያንዳንዱን እርከን ጫን እያለ ነው የሚሄደው። የተሰበረው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ፈጣኑን ብታደርጊ ኖሮ ቅጂሽን በደስታ ይቀበልሽ ነበር። ከወር በኋላ ስትከፍቺው ግን…» እጁን ገልብጦ ባዶ መዳፉን አሳያት።

ቆሽቷ አረረ። የተቆጣችው አንድ ሰው ስላታለላት ብቻ አይደለም። ሰውየው የሚኖረው ሰው ባለመፈተሹ ላይ ተማምኖ መሆኑ ነው የከነከናት። የሚሸጠው ዲስክ አይደለም፤ የሰውን ችኮላ ነው። ሰው የልጁን ሠርግ፣ የእናቱን ሣቅ፣ የአራት ዓመት ትምህርቱን እዚያ ላይ ያኖራል፤ ከወር በኋላ ሲጠፋበት «ኮምፒውተር እንዲህ ነው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ሻጩን የሚያስበው የለም። ዋስትናው ይኸው ነው።

ሐሙስ ያንን ገጽ አሳትማ ይዛ ሄደች። ዋስትና ወረቀቱን ሲያይ ጆሮ ዳባ ልበስ ለማለት ሞከረ፤ ሰው እየተሰበሰበ መሆኑን ሲያይ ግን ቶሎ ብሎ ከመደርደሪያው ሌላ ዲስክ አወረደ። «ይሄኛው የማያሳፍር ነው። ውሰጂ፣ የኔ እናት፤ በሰላም ተለያየን።» ዐርብ ከሥራ ስትመለስ ሁለተኛውን ሰካች። ስምንት በመቶ ላይ ቆመ።

ያን ዕለት ላፕቶፑ የተነሣው በሦስተኛው ሙከራ ነው። እታለም የጋለውን ላፕቶፕ አንሥታ መስኮት አጠገብ አኖረችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ቁጥር የራሷን ትራስ፣ የራሷን ምሳና ውኃ ይዛ ሱቁ ገባች። ዋስትና ገና ሲያያት ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ጎደለ ዛሬ ደግሞ?»

«ሌላ ስጠኝ። ግን እቤቴ አልወስደውም። እዚሁ፣ በአንተ ኮምፒውተር፣ በአንተ ገመድ፣ ሙሉውን እናደርገዋለን። እኔ እጠብቃለሁ።»

«አምስት ሰዓት ነው እኮ የሚፈጀው!»

«ምሳዬን ይዣለሁ።»

«ሱቅ ነው፣ እናቴ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ አይደለም!»

«እውነትህን ነው፤ ማቆሚያ ቢሆን ዕቃው የት ላይ እንደሚቆም ይታወቅ ነበር» አለችና በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትራሷን አነጠፈች።

ሊያስወጣት አልቻለም፤ ሽበት ያላት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት እየጎተቱ ማስወጣት ለገበያ አያምርም። ዲስኩን ሰካው፤ ጀመረ። የገባው ሰው ሁሉ ደግሞ «እናት፣ ምን እየጠበቁ ነው?» ይላታል።

«ዲስኩ የተፈተሸ መሆኑን እየጠበቅሁ ነው።»

«የተፈተሸ ተብሎ ተለጥፎበት የለ?»

«ወረቀቱማ ደህና ነው። ወረቀቱ ምንም አልሆነም።»

አንዲት ሴት የያዘችውን ዲስክ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠች። አንድ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ሠርግ ቀራጭ ገባና ነገሩን ጠይቆ ሲረዳ ባለበት ቆመ።

«ከአንተ ሦስት ወስጃለሁ» አለ ለዋስትና፤ ቀስ ብሎ። «የሁለት ሙሽሮች ሠርግ ጠፍቶብኛል። አንደኛዋ እስከዛሬ ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች። ገመድህ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ገመድም ሊሆን ይችላል እኮ…»

«ለእኔም ገመድሽ ነው ብሎኝ ነበር» አለች እትዬ ቁጥር። «ዛሬ ወደ ‹ሊሆን ይችላል› ወርዷል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

ሦስተኛው ዲስክ አራት በመቶ ላይ ቆመ። ሠርግ ቀራጩ ሳቀ፤ የሚያስቅ ሣቅ ግን አልነበረም።

ያኔ ነው ሴትዮዋ ዓይኗን የዋስትና እጅ ላይ ያሳረፈችው። ሃያ ሰባት ዓመት የሰው እጅ ወዴት እንደሚሄድ ስታይ ኖራለች። ዋስትና ጠዋት የሱቁን ሥራ ሲጀምር የከፈተው ዲስክ ከመደርደሪያው የወረደ አልነበረም። ከጠረጴዛው ሥር፣ በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ ጥቁር ዲስክ ነው። አረንጓዴ ወረቀት የለውም።

«እሱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። የግሌ።»

«ምን አለበት?»

«የልጄ ቪዲዮ ነው፣ ከተወለደች ጀምሮ። ምን አገባሽ?»

«ከጀርባህ ሃምሳ የተፈተሸ ዲስክ አለ» አለች፤ አልጮኸችም። የሚያውቋት ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ የጮኸች ያህል ይሰሙት ነበር። «ልጅህን ለምን ከእነሱ በአንዱ ላይ አላስቀመጥካትም?»

ዋስትና ወደ ሃምሳው ዞሮ አየ፤ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አብሮት አየ።

«ሌላ ቅጂ አለህ?» አለችው።

«…ሌላ አለኝ። እቤት።»

«እሱስ ከዚህ መደርደሪያ ነው?»

«ሁለቱም አዲስ ናቸው፤ ከውጭ ያስመጣኋቸው።»

«ደግ አባት ነህ። ሁለት ቅጂ፣ ሁለቱም አዲስ። እኔ የአንድ ሰው ድምፅ ነው የያዝኩት፤ ያ ሰው ዳግመኛ አይናገርም። የአንተ ልጅ ነገም ትስቃለች፤ ትቀርጻታለህ። እኔ ግን ማንን ልቅረጽ? ያንን ጥቁሩን ስጠኝ።»

«ይሄ አይሸጥም!»

«ስጣት» አለ ሠርግ ቀራጩ። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ሦስት፣ አራት ሆነው ነበር፤ አንዳቸውም የሚገዛ አይመስልም። ዋስትና እነሱን አየ፤ አግዳሚውን አየ፤ ትራሱን አየ። ይህች ሴት ሰኞም ምሳዋን ይዛ ልትመጣ እንደምትችል ገባው። ጥቁሩን ዲስክ ከጨርቁ አወጣ።

እሱንም ሙሉ ፎርማት አስደረገችው። «ይሄንንም?» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። «ይሄንንም» አለችው። ዐሥር ሰዓት ላይ መቶ በመቶ ሞላ። ለዓይኗ የመጀመሪያው መቶ ነበር።

ቤት ስትደርስ እታለም በር ላይ ቆማለች። በአንድ ጊዜ የሚገለበጠው የአንድ ዓመት ቅጂ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላፕቶፑ ይግላል፤ ይጠፋል፤ መስኮት አጠገብ አድርገው ያቀዘቅዙታል። ቅዳሜ ሁለት ዓመት ገለበጡ፤ እሑድ ስምንት። ሰኞና ማክሰኞ ፈቃድ ወሰደች። አንዱ ዓመት በተገለበጠ ቁጥር ብዛቱን ከደብተሩ ጋር ታመሳክራለች፤ «ሦስት መቶ ስድሳ አራት፣ ልክ» ትላለች፤ እታለም ደግማ «ልክ» ትላለች። አንዳንዴ አንዱን ይከፍቱታል። ብርጭቆ የያዘች እጅ፣ ከኋላዋ ሰማይ። «ሐሙስ። ሦስት ነጥብ አንድ። ለመዝገብ ቤቷ ይድረስ።» እታለም የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ዓይኗን ትጠርጋለች።

አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ ሲደርሱ ላፕቶፑ ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ደረቀ። አጥፍታ አበረደችው። ደገመች፤ ደረቀ። ሦስተኛ ልትሞክር ስትል እታለም እጇን ያዘቻት።

«ዝለይው።»

«ተራውን አልዘልም።»

«ስድስት ዓመት ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል! በእናትሽ ዝለይው!»

በሕይወቷ ሙሉ ተራ ዘልላ የማታውቅ ሴት ዘለለች። አሥራ ሁለተኛው ገባ። አሥራ ሦስተኛውም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ዓመት፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ፣ ገብቶ አለቀ። ከዚያ ወደ አሥራ አንደኛው ተመለሰች። ላፕቶፑ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ ጸጥ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ረቡዕ ጠጋኙም ፈትቶ አየው፤ ራሱን ነቀነቀ።

«መጀመሪያ ወደ አንተ በመጣሁበት ቅዳሜ ከዚያ ዓመት አንዱን ከፍቼ አይቼ ነበር» አለችው። «ተከፍቷል።»

«እንግዲህ ስምንት ቀን፣ እትዬ… ለእንዲህ ያለ ዲስክ ስምንት ቀን ብዙ ነው። እየሞተ ነበር የቆየው።»

ማታ እታለም አጠገቧ ተቀመጠች። «ከአሥራ ሰባት አሥራ ስድስቱ ተርፏል» አለቻት፤ ድምፅዋን አለዝባ። «በዚያ ሰውዬ ፈጣን ተታልለን ቢሆን ሁሉም በጠፋ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አሁን ተመስገን በይ።»

«ተመስገን እላለሁ። ግን የጠፋው ጠፋ ይባል።»

ከዚያ በጥቁሩ ዲስክ ላይ በአሥረኛውና በአሥራ ሁለተኛው ዓመት መካከል አንድ ባዶ ማህደር ከፈተች። በካርድ ክፍል ካርድ ሲጠፋ ቦታው አይዘለልም፤ ባዶ ሽፋን ይገባበታል፤ በሽፋኑም ውስጥ ምን እንደነበረና ለምን እንደሌለ ይጻፋል፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ሰው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ያስባል። ይህንኑ አደረገች። እታለም በትከሻዋ ላይ ዘንበል ብላ አነበበች፦

«የአሥራ አንደኛው ዓመት ቅጂ። ብዛት ሦስት መቶ ስድሳ ሁለት። የለም። ምክንያት፦ የሞተ ዲስክ የተፈተሸ ነው ተብሎ በመሸጡ ስምንት ቀን ባክኗል። በተጨማሪም በመጀመሪያው ቀን በሆስፒታሉ ማሽን ላይ ለጊዜው እንዲቀመጥ የቀረበውን ሐሳብ የሟች ባለቤት አልቀበልም በማለቷ።»

«ይሄን የመጨረሻውን ለምን ትጽፊያለሽ? ጥፋቱ የዚያ ሌባ ነው!»

«የእኔ የእሱን ያህል አይደለም። ግን ሆኗል።»

ሴትዮዋ ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረች፤ «ግልባጭ፦ ለዲስክ ሻጩ»። ከዚያ ማተሚያውን አበራች። ሁለት ቅጂ አሳተመች፤ አንዱን በደብተሮቹ መካከል አኖረች፤ ሁለተኛውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ነገ ልትወስጂለት ነው?» አለች እታለም።

«ከሥራ ስወጣ።»

«ያ ሰውዬ ቆሞ ሊያነብልሽ ነው? ቀድዶ ይጥለዋል።»

«ቆሞ ያነብባል። ካላነበበ እኔ አነብለታለሁ፤ ሰው ባለበት ሰዓት ነው የምሄደው።»

«እንግዲያው» አለች እታለም፣ «እኔም እመጣለሁ። ትራስ ሁለት ይዘን እንሂድ።»